ቤት ስትመርጡ ጆሯችሁንም ይዛችሁ ሂዱ



በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ወላጆች ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ጠብቀው ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ልጃችን ኦቲዝም አለበት፤ ቤት ልንቀይር ነው፤ የት ብንሄድ ይሻላል?» እኔን የሚጠይቁኝ የቤት ኤጀንት ስለሆንኩ አይደለም፤ በሳምንቱ ቀናት የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። የሚጠይቁኝ እኔም ኦቲዝም ስላለኝ ነው። ሐኪም የነገረኝ በ29 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት «ዝምተኛ»፣ «ኩሩ»፣ «ሰው አትወድም» ነበር ስሜ። (በነገራችን ላይ «ያለብኝ» ትቼ «ያለኝ» የምለው አውቄ ነው። «ያለብኝ» ለዕዳ ነው። ለልጆቻችሁ ሰዋስው ስታስረዱ ይህን ምሳሌ ብትጠቀሙበት ደስ ይለኛል።)

ዋሽንግተን አካባቢ ከመጣሁ ወዲህ ሦስት ቤት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያው አሌክሳንድሪያ፣ አክስቴ ጋ ነበር። ትልቅ ፎቅ ነው፤ ግማሹ ነዋሪ ሐበሻ። አክስቴ እንደ እናት ነው የተቀበለችኝ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ግን ያ ቤት በር የለውም ማለት ይቻላል። አንዷ ቡና ልትጠጣ፣ አንዱ ደብዳቤ ሊያስነብብ፣ ልጆች ሊጫወቱ ይገባሉ። ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ረጃጅም አምፖሎች ሌላው ሰው ልብ የማይለው ድምፅ አላቸው፤ ለኔ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ንብ ነው። አሳንሰሩ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጀርባ ስለነበር በወጣ በወረደ ቁጥር እነቃለሁ። የእሳት ደወሉማ ሰው ወጥ ባሳረረ ቁጥር ነው የሚጮኸው። ሥራ ውዬ ስገባ የማርፍበት ቦታ አልነበረኝም። አክስቴ «ምን ሆነሽ ነው በር ዘግተሽ የምትቀመጪው?» ትለኝ ነበር፤ መልሱን ያኔ እኔም አላውቀውም።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጸጥታ ፍለጋ ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ከከተማ ራቅ ያለ ታውንሐውስ ተከራየን። ወፍ ብቻ ነው የሚሰማው። የመጀመሪያው ወር ገነት ነበር። ነገር ግን እኔ መኪና አልነዳም፤ መብራቱ፣ ምልክቱ፣ ጥሩምባው በአንድ ጊዜ ሲመጣብኝ አእምሮዬ ቀጥ ይላል። አውቶቡሱ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ የለም። እንጀራ ለመግዛት እንኳ ሰው መለመን ሆነ። ብርዱ ሲገባ ከሥራ ሌላ የትም ሳልሄድ ሳምንቱ ያልፍ ጀመር። ጸጥታውን አገኘሁ፤ ሰው አጣሁ።

ሁለቱም ቤቶች በሌላ ሰው ሚዛን ጥሩ ነበሩ። አንዱ ዘመድ የሞላበት፣ ሌላው ንጹሕና ሰላማዊ፣ ትምህርት ቤቶቹ ጥሩ ነጥብ ያላቸው። ለዚህ ነው «የትኛው ሰፈር ጥሩ ነው?» ስትሉኝ መልሼ ስለ ልጁ የምጠይቃችሁ። ለኔ ድምፅ ነው፤ ለልጃችሁ ብርሃን ሊሆን ይችላል፣ ወይም የምንጣፍ ሽታ። ጩኸቱን ራሱ የሚፈልግ፣ መዝለል የሚወድ ልጅም አለ። ለእሱ የሚያስፈልገው ከታች ተከራይ የሌለበት ቤት ነው፤ አለዚያ በየሳምንቱ ከሊዚንግ ኦፊስ ወረቀት ይመጣላችኋል።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ የሚያሳዩአችሁ ብዙ ጊዜ ለማሳያ የተዘጋጀውን ነው። የምትገቡበትን ራሱን አሳዩን በሉ። መኝታ ቤቱ ውስጥ መብራቱን አብሩና ምንም ሳትናገሩ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ኤጀንቱ ግራ ይጋባል፤ ይጋባ። ማቀዝቀዣው ይሰማል? የቆሻሻ መጣያው ቱቦ በየትኛው ግድግዳ ነው ያለው? የእሳት አደጋ ጣቢያ በስንት ሜትር ላይ ነው? በፖቶማክ ወንዝ አቅጣጫ ከሆነ የአውሮፕላኑን ነገር አትርሱ። ከዚያ ደግሞ ዓርብ ማታ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ማክሰኞ በ10 ሰዓት ጠዋት ሁሉም ሰፈር ጸጥ ያለ ነው።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ከሁሉ በፊት የምለው ስለ ውሃ ነው። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳይታዩ ከቤት ይወጣሉ፣ ብዙዎቹም ውሃ ይስባቸዋል፤ እንዲህ ወጥተው ከሚሞቱት መካከል ዋናው ምክንያት መስጠም ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ፤ በማስታወቂያው ላይ «ውብ እይታ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በእግራችሁ ዙሩና እዩ። በር ላይ የሚጮህ ደወል ወይም ተጨማሪ ቁልፍ ለማስገባት ተከራይም ብትሆኑ መጠየቅ ትችላላችሁ። የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ በ1988 በወጣው ማሻሻያ አካል ጉዳትን ይጨምራል፤ ኦቲዝምም በዚያ ውስጥ ይገባል። ወጪው ብዙ ጊዜ የእናንተ ነው፤ ግን ተገቢ የሆነውን ጥያቄ ዝም ብሎ «አይቻልም» ማለት አይችሉም። በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። አንድ አባት በስልኩ ቴክሳስ ያለ ቤት አሳየኝ፤ 4 መኝታ ቤት፣ ግቢ፣ ዋጋው እዚህ ኮንዶ ከሚገዛበት ያነሰ። በእውነት ያምራል። «ልጁ ዌቨር ላይ ተመዝግቧል?» አልኩት። «ስድስት ዓመት ሆነው፣ ተራ እየጠበቅን ነው» አለኝ። ዌቨር የሚባለው ሜዲኬይድ ለአካል ጉዳተኛው ተቋም ሳይገባ በቤቱና በሰፈሩ ለሚሰጠው እርዳታ የሚከፍልበት መንገድ ነው፤ ረዳት ሰው፣ እረፍት ለወላጅ፣ ኋላም የመኖሪያ ድጋፍ። ይህ ነገር የስቴት ነው። ከስቴት ስቴት አይሻገርም፤ የጠበቃችሁት ተራም አይሻገርም። ቴክሳስ ደግሞ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠብቅባቸው ዝርዝሮች አሉት። የትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒ የተሻለ ነው፤ ስቴት ብትቀይሩም አዲሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የራሱን እስኪያዘጋጅ ተመጣጣኝ አገልግሎት እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ግን ትምህርት ቤት እዚህ አካባቢ በ21 ወይም በ22 ዓመት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ ናቸው።

እዚሁ ውስጥም ቢሆን ያው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ መሃል ላይ ዲሲ አለ። በመኪና ቅርብ ነው፤ በወረቀት ሦስት አገር ነው። አትሂዱ እያልኩ አይደለም። አባትየውንም አትሂድ አላልኩትም፤ በዚያ ዋጋ ላይ ስድስቱን ዓመት ደምርበት ነው ያልኩት። የሄደ ሰው ደግሞ ሻንጣውን ሳይፈታ ይመዝገብ።

ልጃችሁ በ25 ዓመቱ ላይነዳ እንደሚችልም አስቡ። አውቶቡስ ወይም ባቡር ብቻውን መውሰድ ለማይችል ሰው ሜትሮአክሰስ አለ፤ ከቤት ወስዶ ከቤት ይመልሳል። ነገር ግን የሚሠራው ከመደበኛው የአውቶቡስ ወይም የባቡር መስመር በ3/4 ማይል ውስጥ ላለ ቦታ ነው። ያ የኔ ታውንሐውስ ከዚያ ውጭ ነበር። ሁለት መንገድ ወዲህ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሕይወት ነው።

«አዲስ አበባ ብንመለስስ?» ያሉኝ እናትም አሉ። ይህ የቅዠት ሐሳብ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ የተመለሱ፣ ኦቲዝም ያለው ልጅ ያሳደጉ እናት ነበሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። መናገር ለከበዳቸው ልጆችም የፊደላችንን ድምፆች የሚጠቀም «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ ዘዴ አዘጋጁ፤ በ2020 በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስ ለዚህ ነበር የኖሩት። እኛ በየቅዳሜው ሀ ሁ የምንለውን ያን ፊደል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው መኖሩ፣ ጎረቤት ልጁን ማወቁ እዚያ አለ። እዚያ የሌለው ልጁ ሲያድግ የሚከተለው የመንግሥት ድጋፍ ነው፤ ያሉት ማዕከላትም ከልጆቹ ብዛት ጋር አይመጣጠኑም። ለጥቂት ሳምንት ሄዳችሁ ልጁን ይዛችሁ ብታዩት እላለሁ፣ ለሠርግና ለበዓል ሳይሆን በተራ ሰሞን።

ጎረቤት ልጁን ማወቁ ያልኩት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ወንድ ልጅ 17 ሲሞላው ለእናቱ ሕፃን ነው፤ መንገድ ላይ ለሚያየው እንግዳ ግን ሙሉ ሰው ነው። ስሙን ሲጠየቅ ዝም ቢል፣ እጁን ቢያወዛውዝ፣ ቢሮጥ፣ ያን ጊዜ «የእነ እገሌ ልጅ ነው፣ ተዉት» የሚል አንድ ሰው መኖር አለበት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ስለ ኦቲዝም የሚያሠለጥን ክፍል አለው፤ የምትሄዱበት ካውንቲ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው ጠይቁ። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የላይብረሪዋ ሴትዮ ይወቁት። በየጊዜው የሚሄድባት፣ በእግር የምትደረስ አንዲት ቦታ ትኑረው።

እኔ አሁን ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው፣ ጥግ ላይ። ከላዬ ማንም የለም፤ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ከሰው ጋር የምጋራው። ሐበሻው ሰፈር በአውቶቡስ 12 ደቂቃ ነው። ይህችን 12 ደቂቃ መርጬ ነው ያመጣኋት፤ ስፈልጋቸው እሄዳለሁ፣ ሳይደውሉ አይመጡም። እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ባለቤቱ ሰላምታ በመሳም እንደማልወድ ያውቃል። ሐሙስ ስገባ ከሩቅ አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል፤ እንጀራዬን አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ኪራዩ ከአክስቴ ሰፈር ይበልጣል፤ አንድ መኝታ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። አክስቴ እሑድ እሑድ ደውላ ትመጣለች። ቡና እናፈላለን፣ ቴሌቪዥን የለም።

ቤት እያያችሁ ያላችሁ፣ በዚህ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። አንድ አንድ ቤተሰብ ሆናችሁ ኑ። አዳራሹ ውስጥ አታገኙኝም፤ በኋላ በር በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ነኝ፣ አምፖሉ እዚያ አይጮህም።