ሥጋው ለየብቻ፣ ስጎው በጋራ

ወደ ባንኮክ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ታማሚ፣ ወይ አስታማሚ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል። ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ ማረፊያውና ስለ ምንዛሪው ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ብዙ ምክር ይሰማል። ከደረሰ በኋላ ግን ማንም ያላነሳለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ እዚህ አገር ምን እንበላለን?

እኔ የሄድኩት እናቴን ላስታምም ነው። የጉልበት ቀዶ ጥገና ነበራትና ሦስት ሳምንት ቆየን። ሐኪሙ ቁስሉ እንዲሽርና አቅሟ እንዲመለስ ሥጋ፣ እንቁላልና ጥራጥሬ አዘውትራ እንድትበላ አዘዘ። እሷ ግን የማታውቀውን ሰሃን ስታይ ትንሽ ገፋ አድርጋ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ሱኩምቪት በሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ፣ ናና ከተሰኘው አካባቢ፣ የአረብ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር አለ፤ እዚያ እንጀራም አይጠፋም። ሆኖም በየቀኑ ታክሲ ይዞ እንጀራ ፍለጋ መሄድ ለኪስም ለጊዜም አይመችም። ስለዚህ በአካባቢው ያለውን ምግብ ማወቅ ግድ ሆነብኝ።

ባንኮክ ምግቧን የምታበስለው መንገድ ላይ ነው። በየጥጉ ጋሪ፣ በየጋሪው አንድ ምግብ ብቻ አለ። ከእነዚህ መካከል ዓይን የሚስበው ጭሱ የማያቋርጠው ሳቴ ነው። ማንደጃው እንደ እኛ ክብ አይደለም፤ ረጅምና ጠባብ የብረት ገንዳ ነው። ስፋቱ ከስንጥሩ ርዝመት ስለሚያንስ ሥጋው ከከሰሉ በላይ ሲውል የስንጥሩ መያዣ ወደ ውጭ ይተርፋል፤ እጅም አይቃጠልም፣ እንጨቱም አይነድም። ሥጋው ስስ ሆኖ ተቆርጦ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ይሰካል። ቀለሙ ከእርድ የተነሳ ቢጫ ነው። ሻጯ በአንድ እጇ ታገላብጣለች፤ በሌላው ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ ብሩሽ በተበተነ የጠጅ ሳር አገዳ የኮኮናት ወተት ትቀባዋለች። ወተቱ ከሰሉ ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ጭስ ነው መንገዱን ሁሉ የሚያውደው።

ለበላተኛው የሚቀርበው ሥጋው ብቻ አይደለም። አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ሰሃን የለውዝ ስጎ ይከተለዋል። ሌላ ትንሽ ሰሃን ላይ በአቼቶና በስኳር የተዘፈቀ ኪያር፣ ሽንኩርትና ቃሪያ አለ፤ «አጃት» ይሉታል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ሰዎቻችን «አቻር» ብለው ከሚያውቁት የሕንድ ቃል ጋር ዝምድና አለው። በብዙ ቦታ ደግሞ ስጎውን ማጥቀሻ የሚሆን በከሰል የተጠበሰ ዳቦ ይጨመርበታል።

ችግሩ ሥጋው ነው። ባንኮክ ውስጥ ዝም ብሎ «ሳቴ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የአሳማ ሥጋ ነው። ስለዚህ ለተጓዥ ሦስት ቃላት ይጠቅሙታል፤ «ሙ» አሳማ ነው፣ «ጋይ» ዶሮ ነው፣ «ኑአ» የበሬ ሥጋ ነው። የበሬው እንደ አሳማው በየጥጉ አይገኝም። ለዚህም ምክንያት አለው። ከታይላንድ ሕዝብ ብዙው ቡዲስት ሲሆን፣ በተለይ ቻይናዊ የዘር ሐረግ ካላቸው መካከል «ኩዋን ኢም» የሚሏትን የምሕረት እናት የሚያከብሩ ብዙዎች የበሬ ሥጋ አይነኩም። እኛ አሳማን እንደምንሸሸው እነሱም በሬን የሚሸሹበት የራሳቸው ሃይማኖታዊ ምክንያት አላቸው። የበሬ ሳቴ የሚፈልግ ሰው ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር መሄድ አለበት።

ይህ ደግሞ ከምግቡ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ሳቴ የተወለደው በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት እንደሆነ ይነገራል። ሥጋን በስንጥር ሰክቶ መጥበሱ ከሕንድና ከአረብ አገር ከመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ከባብ ጋር ይያያዛል። ለውዙ ከዚያም የራቀ መንገድ ተጉዟል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወደ እስያ የደረሰው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ መርከበኞች አማካይነት ነው። በርበሬም እንዲሁ። ሳቴ ከጃቫ ወደ ማሌይ ልሳነ ምድር፣ ከዚያም ወደ ታይላንድ ሲሻገር ታዮቹ ስጎውን በኮኮናት ወተትና በተወቀጠ ቀይ ቅመም አወፈሩት። ሥጋውንስ? ቻይናዊው አሳማ አደረገው፣ ሙስሊሙ በሬና ዶሮ አደረገው። ስጎው፣ ኪያሩና ዳቦው ግን በሁለቱም ገበታ አንድ ሆነው ቀሩ።

የበሬውን ያገኘነው ከቻሮን ክሩንግ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ከቻኦ ፕራያ ወንዝ አጠገብ ባለው የሃሩን መስጊድ ሰፈር ነው። ሰፈሩ የተቆረቆረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢንዶኔዥያ በመጣ አረብ ዘር ባለው ነጋዴ ቤተሰብ ዙሪያ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ጋር ጠባቧ መንገድ በምግብ ሻጮች ትሞላለች። እናቴ በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ መራመድ ስትጀምር በታክሲ ወሰድኳት። ቀኑ የጾም ቀን ቢሆንም የንስሐ አባቷ እስክትድን ድረስ ፈቅደውላት ነበር። የሚያግዳት ጾሙ አልነበረም።

ሻጯ የበሬውን ሳቴ አንስታ ስታሳየን እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው ያረደው፣ ልጄ?»

«ሙስሊሞች ናቸው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። የእነሱ ለእነሱ ይሁን።» ቀጥላ በጣቷ ስጎውን አመለከተች። «ይኸኛውስ? ሥጋ አለበት?»

ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አቀረብኩላት። ሻጯ የእናቴን የአንገት ማዕተብ አየች፤ ነገሩ የገባት መሰለኝ። በጣቶቿ እየቆጠረች ለውዝ፣ ኮኮናት፣ ሚጥሚጣ የመሰለ ቀይ በርበሬ፣ ስኳርና ሁመር መሆኑን ነገረችን። ከዚያ ዳቦ ጠብሳ፣ አንድ ሰሃን ስጎና አንድ ሰሃን ኪያር ጨምራ ሰጠቻት። እናቴ ቁጭ ብላ ጨረሰችው። ሻጯ ሳትጠየቅ ስጎውን ደገመችላት፤ እሱንም ጨረሰችው። ሐኪሙ ካዘዘው ውስጥ የጥራጥሬው ድርሻ በዚያን ቀን በደንብ ተፈጸመ። እኔ ሳቴውን በላሁ።

ይህን የእርድ ጉዳይ ዛሬ እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ወጣቶች አሉ። በየቤታችን ግን እውነት ነው። ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ ለብቻ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የመናናቅ ምልክት አይደለም፤ ሰው ሳይሳቀቅ እንዲበላ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። የሚያሳዝነው እንግዳው ለብቻው ማዕድ፣ ለብቻው ጥግ መቀመጡ ነው። ሳቴን ወደ ቤቴ ይዤው የመጣሁት ለዚህ መፍትሔ ስለሚሆን ነው።

እኛ በሌለንበት ቤታችንን የጠበቀችው ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። ከእናቴ ጋር ከ30 ዓመት በላይ ቡና ተጣጥተዋል፤ ቆሎና ዳቦ ተቀባብለዋል፤ ሥጋ ግን አብረው በልተው አያውቁም። ለምስጋና ስንጠራት ልጇ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የራሳቸውን ሥጋ ገዝቶ መጣ፤ እኛም ከእኛው ሥጋ ቤት ገዛን። ሁለት ማንደጃ ተቀጣጠለ፤ ማዘፍዘፊያውና መቆንጠጫው ሁሉ ለየብቻ ሆነ። ስጎው ግን በአንድ ድስት ተሠራ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በላን።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ስጎው መሀል ተቀምጦ ሁሉም ስንጥሩን የሚነክርበት ከሆነ ጥንቃቄው ከንቱ ነው። በጭልፋ እየተቀዳ ለእያንዳንዱ በየራሱ ትንሽ ሰሃን ይሰጥ። ባንኮክም የሚቀርበው እንዲሁ ለየሰዉ ነው።

አሠራሩ

የሚከተለው ልክ ለ6 ሰው ይበቃል፤ ከ35 እስከ 40 ስንጥር ይወጣዋል። የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ይቻላል ገበያችን ላይ አለ።

ሥጋው፦ 1 ኪሎ ሽንጥ ወይም ሌላ ለስላሳ ቀይ ሥጋ። በጭረቱ አግድም፣ እንደ ጣት ረዘም ተደርጎ በስሱ ይቆረጣል። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የአውራ ጣት ያህል የተፈጨ ዝንጅብል፣ የ2 ጠጅ ሳር አገዳ ነጩ የታችኛው ክፍል ተወቅጦ፣ ከግማሽ ብርጭቆ የኮኮናት ወተት ጋር ይታሻል። ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። የቀርከሃው ስንጥር እንዳይነድ ቀደም ብሎ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል።

ስጎው፦ ሩብ ኪሎ ለውዝ። የሻገተውና የጨማደደው ተለቅሞ ይጣል፤ ሻጋታው ለጤና ጎጂ ነው። በብረት ምጣድ ታምሶ፣ ገለባው ተራግፎ በሙቀጫ ይወቀጣል። ሙሉ በሙሉ አይልም፤ ጥርስ የሚያገኘው ጥቂት ይቅርለት። ለቅመሙ 6 ዛላ በርበሬ ፍሬው ወጥቶ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፍና፣ ከ5 ትንንሽ የአበሻ ሽንኩርት፣ ከ4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከ2 ጠጅ ሳር፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ ድንብላልና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን ጋር ይፈጫል። የተሰናዳው የወጥ በርበሬያችን እዚህ አይሆንም፤ ኮረሪማውና በሶብላው ጣዕሙን ወደ ወጥ ይመልሰዋል።

የኮኮናት ወተቱ በቆርቆሮ የታሸገው ይሁን፤ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 2 ቆርቆሮ ለሁሉም ይበቃል። ከላይ የረጋው ወፍራም ክፍል ድስት ላይ ይሞቅና የተፈጨው ቅመም ይጨመርበታል። እንደ ቁሌት በዝግታ ይቁላላ፤ ቀይ ዘይት ዳር ዳሩን ሲያወጣ ደርሷል። ከዚያ ለውዙ፣ የቀረው ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 3 የሾርባ ማንኪያ የሁመር ጭማቂ ይገባል። ሁመር ካልተገኘ ሎሚ ይተካዋል፤ ሎሚው ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመረው። በትንሽ እሳት ለ10 ደቂቃ እያማሰሉ ማብሰል ነው። ታዮች በጨው ፋንታ የዓሣ ስጎ፣ በቅመሙም ውስጥ የተፈጨ ሽሪምፕ የሚጨምሩበት ጊዜ አለ፤ የሚጾም ሰው እዚያ አገር ሲሄድ ይህን ጠይቆ ይብላ።

ኪያሩ፦ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ስኳሩ እስኪሟሟ ይሞቅና ይቀዝቅዝ። 1 ኪያር፣ 2 ትንንሽ ሽንኩርትና 1 ቃሪያ በስሱ ተቆርጠው፣ ሊበላ ሲል ይጨመሩበታል።

ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ሥጋው ይጠበሳል። ለአንድ ጎን 2 ወይም 3 ደቂቃ በቂ ነው፤ ስስ ስለሆነ ቢቆይ ይደርቃል። እየተገላበጠ ከቀረው የኮኮናት ወተት ይቀባ። እንግዳ ሲጠራ ደግሞ ለውዝ የማይስማማው ሰው መኖሩን፣ በተለይ ከልጆች መካከል፣ አስቀድሞ መጠየቅ አይረሳ፤ ለአንዳንዱ ጥቂቱም አደገኛ ነው።

ከስጎው ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ሲወፍር በጥቂት ሙቅ ውኃ ይቅጠን። ቅቤም ወተትም ስለሌለበት ለረቡዕና ለዓርብ ይሆናል። እኛ ቤት ከተቀቀለ ድንችና ከተጠበሰ ዳቦ ጋር እንበላዋለን፤ ጎረቤታችንም በረመዳን ለማፍጠሪያ ከሳምቡሳ ጋር ታቀርበዋለች።