ለጣና ጀልባ የሚስማማ ልብስ

ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ጣናን የሚመለከት መንገደኛ፤ በደንገል ታንኳ አጠገብ የፋይበርግላስ ጀልባ ያያል። ይህ ጀልባ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ስለ ሆነ፤ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ነገር ግን ሁለት ጠላቶች አሉት፤ እነዚህም ከላይ ፀሐይ፤ ከታች ውኃ ናቸው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የፀሐይዋ ጨረር ጽኑ ነው፤ ጄልኮት የሚባለውን የጀልባውን ቆዳ ያደበዝዘዋል፤ ዱቄትም ያስመስለዋል። ስለዚህ ከውኃ በላይ ያለውን ክፍል አጥቦ የጀልባ ሰም መቀባት ይገባል።

ቀንም ሌሊትም ከውኃ የማይወጣ ጀልባ ግን፤ ውኃው ቀስ በቀስ ሰርጎ ሆዱ ላይ እብጠት ያወጣበታል። ለዚህ መከላከያው፤ አስቀድሞ በሚገባ አድርቆ ሆዱን ኤፖክሲ መቀባት ነው። ኤፖክሲም ፀሐይን ስለማይችል ከውኃ በላይ ያለ ሽፋን አይተውም።

ነጋዴ የመዳብ ቀለም ቢያቀርብ ባለጀልባው ያስብበት። ያ ቀለም በጨው ባሕር ከጀልባ ሆድ የሚጣበቁትን ባለ ቅርፊት ፍጥረታት በመርዝ ለማራቅ የተሠራ ነው። በጣና እነርሱ የሉም፤ በሆዱ የሚበቅለውም አረንጓዴ ነገር በጨርቅ ይጠረጋል። መርዙ ግን የሚፈስሰው፤ ከጣና በቀር በዓለም የማይገኙ የዓሣ ዘሮች ወደሚኖሩበት ውኃ ነው።

ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቃል። ፋይበርግላሱንም እንዲሁ የሚያደርግ ሰው ሰም ብቻ ይበቃዋል፤ ገንዘቡንም ዓሣውንም ይጠብቃል።