ከስምንት አልጋ አራት

አንባቢ ሆይ! ይህችን ጽሑፍ የምንጽፋት አራት ሆነን ነው። ስንመጣ ስምንት ነበርን። «የቀሩት የት ደረሱ?» ብሎ የጠየቀን ሰው እስካሁን አልገጠመንምና፣ እነሆ ሳንጠየቅ እንመልሳለን።

የመጣነው በ2015 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ነገር መቼም የሚረሳ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርስቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠና፣ ስልካችንን ቤት ትተን፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክመን፣ በጥቅምት ወር ገብተን ተፈተንን። ውጤቱ ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከመቶ ሦስት! ከኛ በኋላ የተፈተኑት በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። እኛ ስምንታችንም ከነዚያ ሦስቱ ውስጥ አልነበርንም።

«ታዲያ በየት ገባችሁ?» ትሉን ይሆናል። የገባነው በዚያው ዓመት በተከፈተው በሬሜዲያል በር ነው። ጥቂት ወራት ተምሮ፣ እንደገና ተፈትኖ ያለፈ ፍሬሽማን ይሆናል፤ የወደቀ ጓዙን ይሸክፋል። ካፌ ተሰልፈን «እነዚህ ሬሜዲያሎች» ሲሉን እየሰማን ሳህናችንን ይዘን ዝም እንል ነበር። ማታ ዶርም ስንገባ ግን እንስቃለን፤ ስምንት ሆኖ መሰደብ ብቻ ከመሰደብ ይሻላል።

ከስምንቱ ሁለቱ ያን ፈተና አላለፉም። አንደኛው ውጤቱን በሰማ በሰዓቱ ሄደ፤ ሁለተኛው ሁለት ቀን ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አንዳችንም አልነቃንም። ወይም ነቅተን እንደተኛ ሰው ሆንን። ሦስተኛው በፍሬሽማን ዓመት አባቱ ታመሙና እርሻው ሰው አጣ። «ለአንድ ሴሚስተር ነው» ብሎ የዊዝድሮውን ፎርም ሞልቶ ሄደ። ያቺ አንድ ሴሚስተር እስካሁን አላለቀችም።

አራተኛው የመስኮቱ አልጋ ነው። ስሙን አንጽፍም፤ የመስኮቱ አልጋ እንበለው፤ እሱም ይህንኑ መርጧል።

ይህ ልጅ ሰነፍ ነበር የሚል ቢኖር እኛ እንመስክር። እንዲህ ያለ ቸካይ በሕንጻው ውስጥ አልነበረም። ላይብረሪ ሲዘጋ የሚወጣው እሱ ነው፤ ከዚያም ኮሪደር ላይ አምፖል ሥር ቆሞ ያነባል። ችግሩ ሌላ ነበር። ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። መጽሐፉ በእርግጥ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያደገበት ትምህርት ቤት መምህር ግን ገጹን ያነብና በአማርኛ ያስረዳ ነበር፤ ተማሪው ደግሞ ለፈተና ቃሉን እንዳለ ይሸመድዳል። እዚህ ሲመጣ የሚያስረዳለት የለም፤ ሃንድአውቱ ብቻ ነው። አንድ ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈልግ ሌሎች ሁለት ገጽ ይሄዳሉ። ማታ ማታ ስለ ታሪክ፣ ስለ አገር፣ ስለ ሰው ጠባይ በአማርኛ ሲያወጋን ግን ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማው። ታሪክ ሊማር ፈልጎ የተመደበው በአምስተኛ ምርጫው ነው። ይህንንም «ምን አለበት፣ መማር መማር ነው» ብሎ ተቀበለው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ወረቀቱን አጥፎ ፍራሹ ሥር ከተተው። አይተናል። «አይዞህ፣ ትወጣዋለህ» አልነውና ወደየደብተራችን ዞርን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለሱ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የራሳችንን ሰዓት ይበላብን ነበር። ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥብ 2.00 ይጠየቃል፤ እኛም ብንሆን ከዚያች መስመር ብዙ አልራቅንም ነበርና እያንዳንዳችን የየራሳችንን አንገት ይዘን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ተባረረ።

ተማሪ ሲባረር ዝም ብሎ አይሄድም፤ ክሊራንስ ይሞላል። እኛም አንድ ቀን ሙሉ አብረነው ዞርን። ላይብረሪ ፈረመ፤ ያልመለሰው መጽሐፍ የለም። ፕሮክተሩ ፈረሙ፤ ፍራሹም ቁልፉም በቦታው አለ። ካፌ ፈረመ፤ ካርዱን መልሷል። ስፖርት ክፍል ሳይቀር ፈረመ፤ ኳስ አልወሰደም። ሁሉም «ከኛ የወሰደው ነገር የለም» ብለው ማኅተም መቱ። «ለምን ትሄዳለህ? ምን ጎደለህ?» የሚል ጥያቄ ያለበት መስመር ግን በዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። በነሱ ብቻ አንፍረድ፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሳምንቱ አልጋው ላይ ሌላ ልጅ ገባ። አልጋ ባዶ አያድርም። ማን እንደጎደለ የማይታየውም ለዚህ ይመስለናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ተማሪዎች ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚባረሩትን «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይሏቸው እንደነበር ታላላቆቻችን አጫውተውናል። ቀልዱ ያስቃል። ዳሩ ግን ከቀልዱ ሌላ ስለነዚያ ሰዎች የምናውቀው ምን አለ? የተመረቁት ፎቶግራፍ አላቸው፤ የተባረሩት ቅጽል ስም ብቻ ቀረላቸው።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንመልከት፤ ምንም እንኳ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆን ይህችን ያህል አያቅተንም። ከዚህ ክፍል ስንት በመቶው ይመረቃል? ሁላችንም ተመረቅን እንበል። መነሻው በሬሜዲያል የገባነው ስምንቱ ከሆንን 50 በመቶ ነው። መነሻው ፍሬሽማን የደረስነው ስድስት ከሆንን ወደ 67 ከፍ ይላል። እንደሚታወቀው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለውም። እንግዲህ መነሻው ለመውጫ ፈተና የተቀመጥነው አራት ብቻ ከሆንንና አራታችንም ካለፍን፣ መቶ በመቶ! ያው ክፍል፣ ያው ልጆች፣ ሦስት ቁጥር። ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ቁጥር ሲነገረን «ከስንቱ?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ከተባረረ በኋላ ወደ አገሩ አልሄደም። «ላልተመረቀ ልጅ በግ አታርድም እናቴ» ብሎ ከተማው ዳር የግንባታ ሥራ ገባ፤ ብሎኬት ይሸከማል። ከግቢያችን በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እኛን አንድ ነገር ለመነን፤ ለቤት እንዳትናገሩ አለ። እኛም እሺ አልን።

እናቱ በየሴሚስተሩ በአውቶቡስ በሶና ዳቦ ቆሎ ይልኩ ነበር። መልእክቱ ከሄደም በኋላ መጣ። ሄደን ተቀበልን። ልናደርስለት አስበን ነበር፤ ዛሬ ነገ ስንል ካፌ የማይበላ ወጥ የወጣበት ቀን መጣና ከፈትነው። በላነው። ሁለተኛውም መጣ፤ እሱንም በላነው። እናቱ ደወሉ።

«ምነው የልጄ ስልክ አይሠራም?»

«ላይብረሪ ነው እማማ፤ እዚያ ሲገባ ያጠፋዋል።»

«ሁልጊዜ ላይብረሪ! ዓይኑን እንዳያጠፋ ንገሩልኝ። በሶውን ለእናንተም ጨምሬበታለሁ፤ አብራችሁ ብሉ ልጆቼ።»

ስልኩ ሲዘጋ ማንም ማንንም አላየም።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው መልእክት መጣ። ከመካከላችን አንደኛው ኮሮጆው ላይ እጁን ጭኖ «ይህን የሚከፍት በኔ ላይ ነው የሚከፍተው» አለ። በእሑድ ቀን ኮሮጆውን ይዘን፣ የሪአድሚሽን ፎርም አስመጥተን፣ ከተማው ዳር ወረድን። እጁ ሻክሯል፤ ከስቷል፤ ሲያየን ግን ሳቀ። ፎርሙን አሳየነው። የተባረረ ተማሪ ጊዜውን ጠብቆ እንደገና ለመግባት ማመልከት እንደሚችል እሱም ያውቅ ነበር።

«ደግሞ ብወድቅስ?» አለን።

እንዴ! ለዚህ ምን መልስ ይኖረናል? «አትወድቅም» ብንል ያው የዱሮው «አይዞህ» ነው። ያ ኮሮጆውን የያዘው ልጅ ግን «ያኔ ስትወድቅ እያየን ዝም አልን። በሶህንም በላንብህ። አሁን ዝም አንልም» አለው። የበሶውን ነገር አያውቅም ነበር። ትንሽ አሰበና «ጣፈጣችሁ?» አለ።

ከዚያ ስልክ ሰጠነው። ደወለ። ሁሉንም ነገራቸው፤ መባረሩን፣ ብሎኬቱን፣ የኛንም ውሸት። በዚያኛው ወገን ብዙ ዝምታ ሆነ። እኛ መሬት መሬት እናያለን። በመጨረሻ የእናቱ ድምፅ ተሰማ።

«በሶው ደረሰህ?»

«ደረሰኝ እማዬ።»

«እንግዲያው ብላ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እዚያው አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጠን በጥብጠን ጠጣን። ፎርሙን ሞላ። አሁን ማታ ማታ፣ ከሥራ ሲወጣ፣ መታወቂያ ስለሌለው በር አያስገቡትምና በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት እንገናኛለን። በየተራ ነው የምንሄደው። ሃንድአውቱን በመጀመሪያ በአማርኛ እንነጋገርበታለን፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ከዚያ እናርመዋለን። ሰዓታችንን ይበላል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን እሱን ስናስረዳ እኛም ገብቶን የማያውቅ ስንት ነገር ገባን!

ማመልከቻው መልስ አላገኘም። ቢፈቀድለት እንኳ አራት ነበርን አምስት እንሆናለን እንጂ ስምንት አንሆንም። ይህን እናውቃለን። ለሦስቱም ደውለናል፤ አንደኛው አነሳ፤ የአባቱን መዳን ነገረን።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ዶርምህን ቁጠር። ስንት ነበራችሁ? ስንት ናችሁ? አሁን ካሉትስ ወረቀት አጥፎ ፍራሹ ሥር የከተተ ማነው?