ከጂንካ ወደ ኮንሶ፦ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ግብጽ ፒራሚዶች፣ ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ላሊበላ ይማራሉ። ቤት ሲመጡ ደግሞ «መቼ ነው ወስዳችሁ የምታሳዩን?» ይሉናል። በጂንካና በአካባቢው ለምንኖር ወላጆች ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለብን። የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ ሲታሰብ ብዙዎቻችን «ጌታ ሲፈቅድ» ብለን ወሬውን እንቀይራለን።

ውድ አንባቢያን፣ ጌታ የፈቀደልን ነገር አንዳንዴ ከጎረቤታችን ዘንድ ይገኛል። ጎህ ሲቀድ ከጂንካ ተነስቶ ከምሽት በፊት ወደ ቤቱ መመለስ ለሚፈልግ ቤተሰብ ኮንሶ አለለት። የኮንሶ የድንጋይ እርከኖችና በካብ የታጠሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የእኛው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡበት መዝገብ ነው። የኮንሶ ሰዎች ይህን ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ሲቀባበሉት ኖረዋል።

ይሁን እንጂ ስለ መኪናና ስለ ስንቅ ከማውራታችን በፊት ከልጆቻችን ጋር አንድ ነገር መነጋገር ያስፈልገናል። የደቡብ ኦሞ ልጅ «መታየት» ምን እንደሆነ ያውቃል። የቱሪስት መኪና ቆሞ መስኮቱ ሲከፈት፣ ካሜራ ሲወጣ፣ ፎቶ ተነስቶ ብር ሲሰጥና መኪናው ሲሄድ አይቷል። የሙርሲ እናት ስሟ ሳይጠየቅ ፎቶዋ ብቻ ሲወሰድ ተመልክቷል። አሁን ግን መኪናው ውስጥ የምንቀመጠው እኛ ነን። ስለዚህ የጉዞው የመጀመሪያ ዝግጅት ይህ ነው፤ ልጆቻችን «እኛን እንዴት ቢያዩን ደስ ይለን ነበር?» ብለው እንዲያስቡ መርዳት። ሰላምታ ሳይሰጡ ፎቶ እንዳያነሱ፣ ሳይፈቀድላቸው ግቢ እንዳይገቡ፣ ከመስኮት ከረሜላ እንዳይወረውሩ ከዋዜማው እንንገራቸው።

ቀኑን ስንመርጥ ዝናብ የሚበዛባቸውን ወራት፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያሉትን፣ ብንተዋቸው ይሻላል። የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ሰላም ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ከሾፌሮችና በዚያ ካሉ ዘመዶች መጠየቅ አይዘንጋ። ለአንድ ቤተሰብ መኪና መኮናተር ኪስ ይጎዳል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ሚኒባስ ቢይዝ ግን ወጪው ይከፋፈላል፤ ልጆቹም እርስ በርስ ይጫወታሉ። ሾፌሩ መንገዱን የሚያውቅና የማይቸኩል ይሁን።

መንገዱ ከጂንካ በቁልፍ ተፈላጊ ቦታዎቹ ቀይ አፈርና ወይጦ በኩል ያልፋል፤ ርቀቱም ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከልጆች ጋር፣ ከዕረፍቱ ጭምር፣ 4 ሰዓት ብንይዝለት አይበዛም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ብንነሳ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ የኮንሶ ዋና ከተማ ካራት እንገባለን። ቀይ አፈር ላይ የሐሙስ ገበያ ስላለ በዚያ ቀን መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል። በዚያ አካባቢ የበና ልጆች በረጃጅም እንጨቶች ላይ ቆመው መንገድ ዳር ሲጫወቱ ይታያሉ፤ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ። የወይጦ ሸለቆ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሕጻናትን ያደክማል። በቂ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ለሚያስመልሰው ልጅ ላስቲክና ለምሳ የሚሆን ደረቅ ስንቅ መያዝ ይገባል።

ካራት እንደደረስን የመጀመሪያው ሥራ የጉብኝት ክፍያውን ፈጽሞ የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ ነው። «እኛ የአገሩ ሰዎች ነን፤ ምን ያደርግልናል?» ማለት አይገባም። አስጎብኚው ቋንቋውን ያውቃል፤ የትኛው በር ለእንግዳ እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደማይከፈትም እሱ ይነግረናል። ያለን ጊዜ አምስት ሰዓት ስለሆነ ሁሉንም ለማየት መሮጥ አያዋጣም። ከመንደሮቹ አንዱን ብቻ መምረጥ ይበቃል። ደካቱ ለካራት ቅርብ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመቻል።

በመንደሩ ውስጥ ለልጆች የምናሳያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ካቡ ነው። የኮንሶ መንደሮች ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ ድንጋይ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ታጥረዋል። በተራራው ጎን ያሉት እርከኖች ደግሞ አፈሩ እንዳይሸረሸር ይይዙታል፤ የዝናቡን ውሃ ለማሽላው ያቆያሉ፤ የተረፈውንም በመልክ ያፈሳሉ። አንዳንዱ ቦታ ላይ የእርከኑ ቁመት 5 ሜትር ይደርሳል። ልጆቹ አንድ ድንጋይ በእጃቸው አንስተው ክብደቱን ይሞክሩት፤ ከዚያ ተራራውን በሙሉ ይመልከቱ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን አልሠራውም። አባት የካበው ሲፈርስ ልጅ መልሶ ስለሚክበው ነው እስከ ዛሬ የቆመው።

ሁለተኛው «ሞራ» የሚባለው የጋራ ቤት ነው። ያላገቡ ወጣቶች በዚያ ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሳ ወይም አደጋ ቢመጣ ፈጥነው ይደርሳሉ። በአደባባዩ ላይ የተተከሉት ረጃጅም እንጨቶች ደግሞ የትውልድ መቁጠሪያ ናቸው፤ በየ18 ዓመቱ አንድ እየተጨመረ ይቆማል። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ያለን ወላጆች፣ ወጣት ለመንደሩ ዘብ ሲሆን ማሳየት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሦስተኛው «ዋካ» ነው፤ ለጀግኖችና ለታላላቅ ሰዎች በመቃብራቸው ላይ የሚቆም ከእንጨት የተቀረጸ ምስል። የእኛ ልጆች ሲያዩት «ይህ ጣዖት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውን አናፍነው። ዋካ የሟቹ መታሰቢያ እንደሆነ፣ እኛም በመቃብር ላይ ስምና ፎቶግራፍ እንደምናኖር እንንገራቸው። እስራኤላውያን ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋዮች ያቆሙት ልጆች ወደፊት ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነበር (ኢያሱ ምዕራፍ 4)። በኮንሶ የወንጌል አማኞች ብዙ ናቸው፤ ምስሎቹ የእነዚህ ወንድሞችና እህቶች አያቶች መታሰቢያ ናቸው። ያላወቅነውን ነገር አጣጥለን ብንሄድ የምናስቀይመው እነርሱን ነው። ብዙ ዋካዎች ከመቃብር ተሰርቀው ተሸጠዋል። ከሌባ እጅ የተረፉት በካራት ሙዚየም ስለሚገኙ፣ ሰዓት ከተረፈ እዚያም መግባት መልካም ነው።

ስለ መስተንግዶም አንድ ነገር ልበል። የኮንሶ ሰው እንግዳ ወዳድ ነው፤ ከማሽላ የሚጠመቀውን ጨቃ ሊያቀርብልን ይችላል። የማንጠጣ ከሆንን ፊታችንን ሳናጠቁር፣ በሁለት እጅ ሰላም ብለን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ማለት ይበቃል። ሺፈራው ቅጠል ያለበት ኩርኩፋ ከቀረበ ግን አብረን እንቅመስ። ልጆች የማያውቁትን ምግብ በአክብሮት መቅመስን ከወላጆቻቸው ይማራሉ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ መኪናው መመለስ አለብን። ልጆች ቢለምኑም ሰዓቱ አይታለፍ፤ ወይጦን በጊዜ ካለፍን የሸለቆው ቢምቢ አያገኘንም፤ በመንገድ ላይም ጨለማ አይዘንም።

በሚቀጥለው ቀን ልጆቹን «ምን አያችሁ?» ብቻ ብለን አናብቃ። «የኮንሶ ልጅ ወደ ጂንካ ቢመጣ ምን ታሳዩታላችሁ? ስለ አሪ፣ ስለ በና፣ ስለ ሐመር ጎረቤቶቻችሁ ምን ትነግሩታላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው። መልስ ካጡ አይዟችሁ እንበላቸው፤ የሚቀጥለው የቤተሰብ ጉዞ የት እንደሚሆን ታውቋል። በገዛ ሰፈራችን ደጁን አንኳኩተን የማናውቀው ጎረቤት አለና፣ ወደ እርሱ ለመሄድ መኪና መኮናተር አያስፈልግም።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ!