የአያት መዝገብ

ለዶክትሬት ትምህርቴ ሕንድ ሳለሁ አንድ የማሃራሽትራ ተወላጅ የመኝታ ክፍል ጎረቤት ነበረኝ። በሕግ ለተመዘገቡ ጎሳዎች በተከለለው 7.5 በመቶ የማዕከላዊ መንግሥት የሥራ ኮታ ቢመረጥም፣ የጎሳ ምስክር ወረቀቱ ገና በአጣሪ ኮሚቴ እጅ ነበር። የአያቱን የትምህርት ቤት መዝገብ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ ስለ ጎሳው የሠርግና የቀብር ሥርዓትም ተጠየቀ። «ያደግሁት ከተማ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት ሥርዓቱን ሳይሆን መናቁን ነው» አለኝ።

ኮሚቴው ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 እንዲቋቋም ያዘዘው፣ በሐሰተኛ ወረቀት የሚገቡ ሰዎች የእውነተኛውን ባለመብት ወንበር ስለሚወስዱ ነው። በ2017ም በሐሰት የተገኘ ሥራ የአገልግሎት ዘመን ቢረዝም እንኳ እንደማይጸና ወሰነ። ይህን እደግፋለሁ። ሆኖም ያው ፍርድ ቤት በ2023 ልማድን ማወቅ ብቻውን ወሳኝ መለኪያ እንዳልሆነ አስረግጧል፤ ዘመናዊነትና ፍልሰት ልማድን ያደበዝዛሉና።

«ብሔር» የሚል መስመር ያለበትን የቀበሌ መታወቂያ ይዘን ለኖርን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በደልን ለመካስ ማንነትን መመዝገብ ግድ ሊል ይችላል። የሚያስጨንቀኝ፣ የጥንቱ ጸሐፊ በብዕሩ ቢስት ዕዳውን የሚከፍለው የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። የጎረቤቴን ውሳኔ ሳልሰማ ወደ አገሬ ተመለስኩ።