ተመልሶ የነበረው ጥድ

ስለ ወሎ ደን ሲነሣ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ታሪክ አለች። ድሮ አገሩ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር፣ የአያት ቅድመ አያት ምሳር ቀስ በቀስ ጨረሰው፣ እኛ የደረስነው ለጉቶው ነው። ይህች ታሪክ ታጽናናለች፤ ጥፋቱን በሺህ ዓመት ላይ ስለምትበትነው ማንንም አታስጠይቅም። የሐይቅ ጭቃ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ሐይቅ ከሚባለው የወሎ ሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ወለል የወጣ ደለል መርምረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። የዛፍ የአበባ ብናኝ በነፋስ ተነሥቶ ውኃው ላይ ያርፋል፣ ከጭቃው ጋር እየተነባበረም ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ከሥር ወደ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ የዝግባና የጥድ ደን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር ገብቶ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ።

እንግዲህ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ገብተው ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ፣ በዙሪያቸው የነበረው ኮረብታ እኛ በሐሳባችን እንደምንሥለው በጥድ የለበሰ አልነበረም። ክትክታ ነበር።

ከዚያ ጥዱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ወይራና ቀውት አስከትሎ ተራራውን መልሶ ያዘው። ችግኝ ጣቢያ የለ፣ ዘመቻ የለ፣ አበል የለ። ዝናቡ በርትቶ ይሁን አራሹ ተመናምኖ ያከራክር ይሆናል፤ መመለሱ ግን ጭቃው ላይ ተጽፏል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ሱባ ላይ አስተከሉ ይባላል። ሸዋ በንጉሥ ትእዛዝ ያገኘውን ሐይቅ በነፃ አገኘው።

ዘሩ ከየት መጣ? ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙበት ዛፍ ነው። ወንዱ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፣ ሴቷ ፍሬ ትይዛለች፣ ፍሬውን ወፍ በልታ ርቃ ትጥለዋለች። ስለዚህ በእነዚያ 1,800 ዓመታት መጥረቢያ ያልደረሰባቸው ወንድና ሴት ዛፎች የሆነ ቦታ፣ ገደል አፋፍ ላይም ይሁን ሸለቆ ውስጥ፣ ተርፈው ነበር ማለት ነው። ጥቂት ሆኖ የተረፈ ዘር ግን ዋጋ ይከፍላል። ከቁጥሩ ጋር የዘረመል ብዝኀነቱ ይጠብባል፤ ብርቅ የሆኑት ዘረመሎች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ይዋለዳል። የሐይቅ ዙሪያ ጥድ በዚህ ወንፊት አንዴ አልፎ፣ ተርፎ፣ ተባዝቶ ነበር። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት እኛ መልሰን ወንፊቱ ውስጥ ከተትነው።

«ጥድ እንደሆነ ሌላ አገር ሞልቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከዓረቢያ ተራሮች ተነሥቶ በኢትዮጵያና በኬንያ አልፎ እስከ ማላዊ ይወርዳል፤ ከጥድ ወገን የምድር ወገብን ተሻግሮ በራሱ የሚበቅል ከእሱ በቀር የለም። ነገር ግን ድርቅ እየደጋገመ ያበጠረውን የወሎ ዘር ጨርሶ ዝናብ ከጠገበ አገር ማስመጣት፣ ለዘር የተቀመጠውን እህል ፈጭቶ በልቶ ገበያ እንደ መውጣት ነው።

ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ነው ብለን እንለፈው። የመጨረሻው ዕድል ግን በእኛው ዕድሜ መጣ። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ፣ በ1977ቱም ብሶ፣ የወሎ ተራሮች በእርከን ታሰሩ፣ ከከብት ተከለሉ። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይቀበል ነበር። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ይተከላል፤ በተከለለው ቦታ ውስጥ ደግሞ ማንም ያልተከለው የአገሩ ቁጥቋጦ ራሱን ያነሣ ጀመር። ደርግ በወደቀበት በ1983 ግርግር ብዙ ቦታ የሕዝብ ደን የተባለው ሁሉ ተጨፈጨፈ። የተተከለውም፣ በራሱ የበቀለውም።

ገበሬውን መክሰስ ይቀላል፤ እኔ አልከስም። ተራራው የከብቱ ግጦሽ ነበር፤ ሳይጠየቅ ተከለለበት። ዛፉ የማን እንደሆነ በወረቀት አላየም፤ «የመንግሥት ነው» ብሎ ያዘው፣ መንግሥት ሲሄድም የመንግሥትን ዕቃ ተካፈለ። ያን ሁሉ ስንዴ ሲሰፍር የነበረ ሹም የባለቤትነትን ነገር ቀድሞ ቢጨርስ ኖሮ እያልኩ የምቃጠለው ለዚህ ነው። ጥበቃው ለካ የቆመው በዘበኛው ዱላ ብቻ ነበር።

የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዞ በ1990ዎቹ ከዚያው ቦታ ቆሞ ሲያነጻጽር ዛፉ ጨምሮ አገኘው። በዚህ የሚጽናና ይጽናና። የጨመረው ባሕር ዛፉ ነው። የአገሩ ጥድ በአብዛኛው የቀረው በደብሮችና በገዳማት ቅጥር፣ ምሳር በማይደርስበት ገደል፣ እንዲሁም ኮምቦልቻ አናት ላይ ባለው በየጎፍ ደን ነው። አንድ ደብር ውስጥ ስድስት ጥድ ቆሞ ስድስቱም ወንድ ቢሆኑ፣ ለዓይን ደን ነው፤ ለዘር ግን ምንም ነው።

በ1977 በተከለለ ተራራ ላይ በራሱ የበቀለ የጥድ ችግኝ ባይነካ ኖሮ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ወንዱ ብናኝ፣ ሴቷ ፍሬ በሰጡ፤ የአንዱ ደብር ጥድ ከሌላው ደብር ጥድ ጋር በነፋስ በተገናኘ። አሁን ሀ ብሎ የሚጀምር ሰው ካለ፣ ያን አርባ ዓመት ከዜሮ ይቆጥረዋል።