ሣሩ የደረሰ ቀን

እኛ ባልና ሚስት ነን፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሳሎናችን፣ ሐሙስ ማታ፣ በሰባት ሰው አንድ የቤት ኅብረት ጀመርን። ሰባቱ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ አንዱ ሃያ ሦስት ሆኑ። ወንበር ሲያልቅ ፍራሽ አነጠፍን፤ ፍራሹ ሲሞላ በልጆቻችን አልጋ ላይ ሰው ተቀመጠ። ቃሉን የምናካፍለው እኛ፣ ጸሎቱን የምንዘጋው እኛ፣ የታመመውን የምንጠይቀው እኛ፣ የተጣላውን የምናስታርቀው እኛ ነበርን። ደከመን እንል ነበር። ድካሙ ግን ይጣፍጠን ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ “ኅብረቱ በዝቷል፤ ለሁለት ክፈሉትና ከመካከላችሁ መሪ አውጡ” ሲሉን ቆዩ። መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነበር። “ገና አልበሰሉም፤ እየጸለይንበት ነው” እንላለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተንበርክከን አልጸለይንም።

ከሃያ ሦስቱ መካከል አንዲት ተማሪ ነበረች። ቃሉን ስታነብ ሰው ዝም ይል ነበር፤ አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ እኛ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀነው ትምህርት ሲገረጣ ይታወቀናል። እኛ ግን ጥቅስ እንድታነብና ስኒ እንድታጣጥብ ብቻ ነበር የምናደርጋት። አንድ ሐሙስ ደፍራ፣ “የሚቀጥለውን ሳምንት ጥናት እኔ ብመራው?” አለችን። “ትንሽ ጸልዪበት፣ እኛም እንጸልይበት” አልናት። በሦስተኛው ወር መምጣት አቆመች።

ቆይቶ አንድ ወሬ ደረሰን። ከተከራየችበት ግቢ ውስጥ ሴት ተማሪዎችን ሰብስባ መጽሐፍ ቅዱስ ታስጠናለች፤ ሁለቱም ጌታን ተቀብለዋል ተባለ። ነጋሪያችን ደስ ብሎት ነው የነገረን። እኛም “ጌታ ይመስገን” አልን። ወደ ውስጣችን የገባው ግን ደስታ አልነበረም፤ እንደ እሾህ የሚወጋ ነገር ነበር። ማታ አልጋ ላይ ሆነን፣ “ሳያሳውቁን? ሳይላኩ?” ተባባልን። በዘኁልቁ 11 ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ሲናገሩ ኢያሱ ሙሴን ከልክላቸው እንዳለው ብዙ ጊዜ አስተምረናል። ሙሴ ስለ እኔ ትቀናለህን ብሎ እንደ መለሰለትና ሕዝቡ ሁሉ ነቢያት በሆኑ ብሎ እንደ ተመኘም ሰብከናል። ስናስተምር ራሳችንን በሙሴ ቦታ እናስቀምጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን የአክስታችን መርዶ ደረሰን። ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወጣን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣርማ በር ላይ ትታጠፋለህ፣ መዘዞን ታልፋለህ፣ ከዚያ ብርዱ በመኪናው በር ሥር ይገባል። መሐል ሜዳ ሳንደርስ የጓሳ ሜዳ ተዘረጋ። ያ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳዎች ሣሩን እየነጩ ተቀምጠው ነበር። ቀይ ቀበሮም አለበት ይባላል፤ እኛ አላየንም።

ዘመዶቻችን ኦርቶዶክሶች ናቸው። በልቅሶ ድንኳን ውስጥ ጴንጤ ሆኖ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ማንም ክፉ አልተናገረንም፤ ግን ጨዋታው ወደ እኛ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። አጎታችን ጋሼ ብቻ መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ነው። “እናንተ ቤትም ሰው ትሰበስባላችሁ አሉ” አሉን። አዎ አልናቸው። “ማን ይጠብቀዋል?” አሉ። እኛ ነን አልን። “ጥበቃ ከባድ ነው” አሉና ስለ ጓሳ ማውራት ጀመሩ።

የዛሬ ወጣት ቄሮ ሲባል ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚለው። በመንዝ ግን ቄሮ ከጥንት የጓሳ ሣር የሚጠበቅበት ሥርዓት ስም ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ባለርስቶች ሜዳውን በጋራ ይይዙት ነበር። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ኃላፊ ሆኖ የሚመረጠው ሰው አባ ቄራ ይባላል፤ አባወራው ሁሉ በተራ ይጠብቃል፤ ተራውን የተወም ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብና ለብርድ የሚለበሰው ገሳም የሚሠራው ከእርሱ ነው። በዚያ ደጋ ያለ ጓሳ ክረምት አይታለፍም።

ይህን ስንሰማ ውስጣችን ደስ ብሎት ነበር፤ እኛም ጠባቂዎች ነን አልን በልባችን። ጋሼ ግን አልጨረሱም።

“መዝጋትማ ማንም ይዘጋል። አባ ቄራ የሚለካው ሲከፍት ነው” አሉ።

ሣሩ መድረሱን አይቶ የሚወስነው እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የካቲት ወይም መጋቢት፣ ደረቁ ወራት ላይ ነው። የሚከፈትበትን ቀን ለዘመድ ሹክ አይልም፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያስነግራል። ያን ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይገባል፤ ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። የሚቀጥለውን ቄሮ እንደገና ይጠብቃሉ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ጋሼ ይህን ሲሉ ዝም አሉና ራቅ ብለው አዩ። ዛሬ ጓሳን የአካባቢው ሕዝብ በሌላ መልክ እንደገና እየጠበቀው ነው።

“አልከፍትም ያለ አባ ቄራ ቢኖርስ?” ብለን ጠየቅናቸው።

ሳቁ። “ልጆቼ፣ እንዲያ ከሆነ የሚጠብቀው ሣሩን አይደለማ። ሹመቱን ነው።”

በድንኳኑ ውስጥ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ የመጣ ዘመድም ነበር። ጨዋታውን ሲሰማ፣ “የእኛ አገር ካርልም እንዲሁ ነበር” አለ። ካርልሃይንስ ቦም ማለቱ ነው። ሰውዬው የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራበው የሳህል ሕዝብ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። የተገኘውን ገንዘብ ይዞ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጣና ሰዎች ለሰዎችን መሠረተ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1992 መርሐቤቴ ገባ። በዓለም ከተማ የተሠራው ሆስፒታል በእርሱ ስም አልተጠራም፤ ስሙ እናት ነው። ከዓመታት ሥራ በኋላም ድርጅቱ ሥራውን ለሕዝቡ አስረክቦ ከመርሐቤቴ ወጣ። ቦም ራሱም ሲያረጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ መሪነቱን ለኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ለአልማዝ ለቀቀ። ሰባኪ አልነበረም፤ ከሰባኪዎቹ ከእኛ ግን በዚህ ነገር የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

ያን ሌሊት በጋሼ ቤት፣ ሁለት ጋቢ ደርበን፣ እንቅልፍ አልወሰደንም። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ መንጋውን የሚጠብቁትን ሲመክር ስለ ገንዘብ መመኘት ብቻ አይናገርም፤ በአደራ የተሰጡትን እንደ ጌታ ስለ መግዛትም ይናገራል። ገንዘቡን እንደ ጋሻ እንይዘው ነበር። “ከኅብረቱ አንዲት ሳንቲም አልወሰድንም” እንል ነበር፤ እውነት ነው፣ እንዲያውም ቡናውንና ስኳሩን የምንገዛው እኛ ነን። የወሰድነው ሌላ ነገር ነው። ያለ እኛ እንዳይሆንላቸው ፈልገን ነበር። ሐሙስ ማታ በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ የመቁጠር ልማድ ነበረን፤ ሃያ ጥንድ ካለፈ ያ ሳምንት ጌታ የሠራበት ሳምንት ይሆን ነበር። ዲዮጥራጢስን፣ ያን ዋና መሆን የሚወደውን ሰው፣ ሁልጊዜ በሌላ አጥቢያ ውስጥ ነበር የምንፈልገው። “አልበሰሉም” የሚለው ቃላችንም ስለ እነርሱ ሳይሆን ስለ እኛ የሚናገር እንደ ነበር ያን ሌሊት ተነጋገርን። እርስ በርስ መነጋገሩ ለጌታ ከመናዘዝ ይልቅ ከበደን።

እንደ ተመለስን በመጀመሪያ ወደ ልጅቷ ሄድን። ግቢውን ጠይቀን አገኘነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በአልጋውና በመሬቱ ላይ ስምንት ሴቶች ተቀምጠው ያጠናሉ። እስኪጨርሱ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅናት፤ ጸጋሽን እያየን ሸፈንነው፣ ቀንተንብሽ ነበር አልናት። አለቀሰች። ወዲያው ተቃቅፈን ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። እርሷ ግን እንባዋን ጠርጋ፣ “ይቅርታውን ከልቤ ተቀብያለሁ። ወደ ሐሙሱ ግን አልመለስም። እዚህ የሚጠብቁኝ አሉ” አለችን። ትክክል ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ተመለስን።

ኅብረቱን ለሁለት ከፈልነው። ለሽማግሌዎች ብቻ ሹክ አላልንም፤ በሁሉም ፊት ተናገርን፣ ለምን እንደ ዘገየንም ጭምር። አንድ መምህርና ባለቤቱ ሁለተኛውን ኅብረት ረቡዕ ረቡዕ በቤታቸው ይመራሉ። በመጀመሪያው ሐሙስ ወደ እኛ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። ጫማውን ቆጠርነው፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም።

ባለፈው ረቡዕ እንግዳ ሆነን ወደ እነርሱ ሄድን። መምህሩ የሮሜን መልእክት ሲያብራራ አንድ ቦታ ላይ እኛ በማንስማማበት መንገድ ሄደ። አንዳችን የአንዳችንን እጅ ጨበጥንና ዝም አልን። ጸሎቱ ረዘመ፣ ቡናው ዘገየ፤ ማንም እንድንዘጋ አልጠየቀንም። በር ላይ ጫማችንን ስንፈልግ ሌሎቹ ላያችን ላይ ደርበውበት ስለ ነበር ብዙ ቆየን።

እሑድ ጋሼ ደወሉ። ስለ ጤናችንና ስለ ልጆቻችን ጠየቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እህስ፣ ሣሩ ታጨደ?” አሉን።

“ግማሹ” አልናቸው።